ለቀለም ሱቅ ሠራተኞች የቱ መድን ይበጃል?

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ገበያው ሞቅ ብሏል። አንድ ደንበኛ 20 ሊትር ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ጠየቀ። ታች ያለው አልቋል። ሠራተኛችን የሆነው ልጅ መሰላሉን አቁሞ ወደ ቆጡ ወጣ። ባልዲውን ደረቱ ላይ አቅፎ ሲወርድ እግሩ ሳተ። እሱም ቀለሙም መሬት ላይ ወደቁ። የእጁ አንጓ ተሰበረ።

ያኔ ከወንድሜ ጋር መርካቶ የቀለም ሱቅ ነበረን። መድን ስለገባን ብዙም አልደነገጥኩም። ሰኞ ጠዋት ለመድን ድርጅቱ ደወልኩ። የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር አዩና ልጁ እንደሌለበት ነገሩኝ። ውሉ ከታደሰ በኋላ ነበር የቀጠርነው፤ ስሙን አልላክንም። ሕክምናውንም፣ እቤት የተቀመጠበትን ደመወዝም ከኪሳችን ከፈልን። መክፈሉ አልቆጨኝም፤ የልጁ መብት ነው። የቆጨኝ ውሉን ሳላነብ መፈረሜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሱቅ የሚከፍቱ ወዳጆቼ የትኛውን መድን እንግባ እያሉ ይጠይቁኛል። መልሱ እንደ ሱቁ ይለያያል። ግን ሁሉም መጀመሪያ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ።

ዕዳው ከመድኑ ይቀድማል

"መድን ካልገባሁ ካሳ አይመለከተኝም" የሚል ባለሱቅ ብዙ ነው። ስህተት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪውን ኃላፊ ያደርገዋል። አሠሪው ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። "መሰላሉ ደህና ነበር፣ እሱ ነው የተቻኮለው" ማለት አያድንም። ሠራተኛ ከቀጠራችሁበት ቀን ጀምሮ ይህ ዕዳ ትከሻችሁ ላይ አለ። መድን የሚያደርገው ዕዳውን የሚከፍልላችሁ ሌላ ሰው ማምጣት ነው።

ዕዳው ምን ያህል ነው? አንደኛ ሕክምናው። ምርመራ፣ ቀዶ ጥገና፣ መድኃኒት፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ አካል ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ። ይህ እስከ አንድ ዓመት ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን ያገኛል። በሚቀጥሉት 3 ወራት ከደመወዙ 75 በመቶ የማያንስ፣ በቀሩት 6 ወራት ደግሞ 50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል።

በብር እንየው። የወር ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ልጅ እግሩ ተሰብሮ 5 ወር ቢተኛ ለሦስቱ ወር 24,000፣ ለሁለቱ ወር 12,000፣ በድምሩ 36,000 ብር ነው። ዓመት ሙሉ ቢተኛ 66,000 ይደርሳል። የሕክምናው ወጪ ከዚህ ውጭ ነው። በእሱ ቦታ ለተተካው ሰው የምትከፍሉት ደመወዝም አለ።

ከዚህ የሚከብደው ዘላቂ ጉዳትና ሞት ነው። የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው ወይም ከሞተ ካሳው የ5 ዓመት ደመወዙ ነው። ለዚያው ልጅ ሲሰላ 480,000 ብር ይመጣል። ይህን በአንድ ቀን አውጥቶ ሱቁን ሳይዘጋ የሚቀጥል ትንሽ ነጋዴ እኔ አላውቅም።

ጡረታ ከፍያለሁ፣ አይበቃም?

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ግዴታ ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ቋሚ ሠራተኛችሁ ሥራ ላይ ተጎድቶ ዘላቂ ጉዳት ቢደርስበት ወይም ቢሞት የጡረታ ፈንዱ ለእሱ ወይም ለቤተሰቡ የሚከፍለው አለ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን አስተካክሉ። ያልተመዘገበ ሠራተኛ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አቁማችሁ እሱን ጨርሱ።

ግን ጡረታ የተሰበረ እጅ ማሳከሚያ አይሰጣችሁም። ልጁ እቤት ተኝቶ የምትከፍሉትን የወራት ደመወዝም አይሸፍንም። እነዚህ የእናንተው ናቸው። በየሱቁ ቶሎ ቶሎ የሚያጋጥመውም ይኸው ነው፦ ስብራት፣ የወገብ መቀጨት፣ ዓይን ውስጥ የገባ ቲነር (ቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ)።

ሌላም ክፍተት አለ። መኪና ሲመጣ የምትጠሩት ጫኝና አውራጅ ጡረታ ላይ የለም። የ5 ዓመቱ ካሳ ቀጥታ የሚመጣባችሁ እንዲህ ባለው ሰው ነው። "እሱ የኔ ሠራተኛ አይደለም" ማለት ይቻላል። ነገር ግን በየቀኑ የሚመጣ፣ እናንተ የምታዙትና የምትከፍሉት ሰው ከሆነ ክርክሩን የምታሸንፉ አይመስለኝም።

ሦስቱ የመድን ዓይነቶች

በአገራችን መድን ድርጅቶች ለሠራተኛ ጉዳት በብዛት የሚሸጡት ሦስት ዓይነት ነው። የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ሆነ እንደ አዋሽ፣ ኒያላ፣ ናይል ያሉት የግል ድርጅቶች ጋ ብትሄዱ ተመሳሳይ ስሞች ትሰማላችሁ።

የመጀመሪያው የሠራተኞች ካሳ መድን ነው። የሚከተለው ሕጉን ነው። አዋጁ በእናንተ ላይ የጣለውን ሕክምና፣ ሠራተኛው መሥራት ያልቻለበትን ጊዜ ደመወዝና ካሳ በውሉ ልክ ይከፍልላችኋል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ብቻ ነው። ልጁ እሁድ ኳስ ሲጫወት ቢሰበር አይመለከተውም። ተጨማሪ ከፍሎ 24 ሰዓት ማድረግ የሚቻልበት ጊዜ አለና ጠይቁ።

ሁለተኛው የቡድን የግል አደጋ መድን ይባላል። ይህ ሕጉን አይከተልም። ለእያንዳንዱ ሰው አስቀድማችሁ የምትወስኑት የገንዘብ መጠን አለ። አደጋው የትም ይድረስ፣ ቀንም ይሁን ሌሊት፣ በዚያ መጠን ይከፍላል። ጥሩ ጎኑ ሰፊነቱ ነው። አደገኛው ነገር ደግሞ አረቦኑ (ለመድኑ የምንከፍለው ዋጋ) እንዲቀል ብለን መጠኑን ዝቅ ማድረጋችን ነው። ለአንድ ሰው 100,000 ብር ብላችሁ ገብታችሁ ሕጉ 480,000 ቢፈርድ ልዩነቱ 380,000 የእናንተ ነው።

ሦስተኛው የቡድን ጤና መድን ነው። ታይፎይዱንም፣ ጥርሱንም፣ ወሊዱንም እንደ ውሉ ይሸፍናል። ሠራተኛ በጣም ይወደዋል። ውድ ነው። የተኛበትን ደመወዝና የሞት ካሳን ግን አይነካም። አቅሙ ያለው ሱቅ ቢገባው ደስ ይለኛል፤ ግን በካሳ መድን ምትክ እንዳይሆን። ከሱ በላይ የሚጨመር ነው።

እስቲ እነዚህን በሱቃችን እንፈትናቸው። ከቆጥ የወደቀው ልጅ፦ የካሳ መድኑ ሕክምናውንም ደመወዙንም ይሸፍናል። የግል አደጋው በተወሰነለት ጣሪያ ልክ ይከፍላል። የጤና መድኑ ሕክምናውን ብቻ። ዓመታት ቲነር ሲቀዳ ኖሮ ራስ ምታትና ማዞር የጀመረው ሠራተኛስ? እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። አዋጁ በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታንም እንደ ጉዳት ያየዋል። የግል አደጋ መድን ግን "አደጋ" የሚለው ድንገት የደረሰን ነገር ነው። ቀስ እያለ የመጣ በሽታ አይገባበትም። የካሳ መድኑም ቢሆን በሽታን በግልጽ መጥቀስ አለበት። ቀለም ለሚሸጥ ሰው ይህች አንድ መስመር ከአረቦኑ ልዩነት ትበልጣለች።

ዕቃ ለማድረስ በአይሱዙ የሄደው ረዳት ቢጎዳስ? በእናንተ ትእዛዝ ከሱቅ ውጭ ሲሠራ የደረሰ ጉዳት የሥራ ላይ ጉዳት ነው። የመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን የራሳችሁን ሠራተኛ ይሸፍናል ብላችሁ አትገምቱ። የመኪናውን ውልና የሠራተኛውን ውል ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ።

እናንተስ? ብዙ ሱቅ ውስጥ ከሁሉ በላይ ባልዲ የሚያነሳው ባለቤቱ ነው። ሚስትም አለች፣ የአጎት ልጅም አለ። ደመወዝ የማይከፈለው ሰው በካሳ መድኑ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ለባለቤትና ለቤተሰብ የሚሆነው የግል አደጋ መድን ነው።

እኔ ብመርጥ

ሁለት ሦስት ቋሚ ሠራተኛ ያለው፣ የታሸገ ቀለም ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ቢሆን፦ ጡረታውን አስተካክዬ የካሳ መድን እገባለሁ። ለራሴ ትንሽ የግል አደጋ እጨምራለሁ። በዚህ ደረጃ አረቦኑ የሚታሰበው በዓመታዊ ደመወዝ ድምር ላይ ስለሆነ ሰው እንደሚፈራው አይከብድም።

ማደባለቂያ ማሽን ያለው፣ ቲነር በበርሜል አምጥቶ በሊትር እየቀዳ የሚሸጥ፣ መጋዘንና መኪና ያለው ቢሆን፦ የካሳ መድኑ ላይ በሽታ ይካተትልኝ እላለሁ። የአሠሪ ኃላፊነት ሽፋንም እጠይቃለሁ። ለምን ቢባል፣ ጉዳቱ በአሠሪው ጥፋት የመጣ ከሆነ ሠራተኛው ከአዋጁ ካሳ ውጭ በፍርድ ቤት ሌላ ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። መሰላሉ እንደተሰነጠቀ ሦስት ጊዜ ተነግሯችሁ ዝም ካላችሁ ያ ጥፋት ነው። የካሳ መድን ብቻውን ይህን ላይሸፍን ይችላል።

የግል አደጋ መድንን ብቻ ገብቶ "ተሸፍኛለሁ" ማለትን ለማንም አልመክርም። ርካሽ ሆኖ የሚታየው መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ለመድኑ ስታስመዘግቡ ደመወዝ ቀንሳችሁ አትናገሩ። አረቦን ለመቀነስ ብሎ 8,000 የሚከፈለውን ልጅ 4,000 ብሎ የሚያስመዘግብ አለ። ጉዳት ሲደርስ መድን ድርጅቱ የሚያውቀው 4,000ውን ነው። ሕጉ የሚያውቀው 8,000ውን ነው። ግማሹን ከየት ታመጣላችሁ? ኮሚሽንና የትርፍ ሰዓት የምትከፍሉ ከሆነም ተናገሩ።

ከመፈረማችሁ በፊት

ለሕክምና ለአንድ ሰው ስንት ጣሪያ እንዳለው ጠይቁ። ካሳው በሕጉ ልክ ሆኖ የሕክምናው ጣሪያ በአንድ የግል ሆስፒታል ሌሊት የሚያልቅ ውል አይቻለሁ። አዲስ የተቀጠረ ሰው ከመቼ ጀምሮ እንደሚሸፈን ጠይቁ፤ ስም ሳይሆን የሥራ መደብና ብዛት ተጽፎ መግባት ይቻል እንደሆነም። ጫኝና አውራጅ በግምታዊ የዓመት ክፍያ ይካተት እንደሆነ ጠይቁ። አደጋ በስንት ቀን ውስጥ መነገር እንዳለበት ቀኑን በእስክሪብቶ አክብቡት። የቃል መልስ አትቀበሉ። "ይሸፍናል፣ ችግር የለም" ያላችሁ ሻጭ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ይሠራል። የሚቀረው ወረቀቱ ነው።

ከሁለት ድርጅት ዋጋ ስትወስዱ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዝርዝር ስጡ። አለበለዚያ የምታወዳድሩት የተለያየ ነገር ነው።

ደኅንነት ላይ ገንዘብ ሲያንስ ከየት ይጀመር?

መድን ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። እኔ አሁን ብመርጥ የመጀመሪያዋን ብር ቆጡ ላይ አወጣለሁ። 20 ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ከ25 ኪሎ ይበልጣል። ይህን አቅፎ በመሰላል መውረድ ማለት አንድ እጅ እንኳ ለመያዣ አይተርፍም ማለት ነው። ስለዚህ ከባዱ ታች፣ ቀላሉ ላይ ይቀመጥ። ቆጥ ላይ ብሩሽ፣ ሮለር፣ የአሸዋ ወረቀት ይደር። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ እሁድ ይበቃዋል። መሰላሉን ከላይ በመንጠቆ አስይዙት። የቆጡ ጫፍ ላይ መከለያ አሠሩ።

ቀጥሎ ቲነር። በተለይ በርሜል የሚከፍት ሱቅ ይስማኝ። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይሄድም፣ ወለሉን ይዞ ይሳባል። ደረጃ ካለ ወርዶ ምድር ቤት ይጠራቀማል። ስለዚህ ላይ ያለች ትንሽ መስኮት ብቻዋን አትበቃም፤ ከወለሉ አጠገብ አየር መውጫ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የቲነር ዓይነቶች እሳት ለመያዝ ሙቀት አይፈልጉም፤ በተራ ቀን አየር የሚወጣው ትነት ይበቃቸዋል። የሚቀዳበት ቦታ አጠገብ የቡና ምድጃ፣ የተላጠ ሶኬት፣ ሲጋራ፣ ጄኔሬተር አይኑር። ቡናችንን እንወዳለን፤ ግን ጀበናው ከቲነሩ ጋር በአንድ ክፍል አይቀመጥ።

እሳት ቢነሳ ውኃ አትድፉ። ቲነሩ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞ ይሄዳል። የደረቅ ዱቄት ወይም የአረፋ ማጥፊያ ይኑራችሁ። ቦታው በሩ አጠገብ ነው፤ ከዕቃ ጀርባ የተቀበረ ማጥፊያ ማንም አያገኘውም። ጠቋሚው አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ እዩ። ሠራተኞቹ ፒኑን የመንቀል ልምምድ ያድርጉ። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲጣል በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይግባ ወይም ተዘርግቶ ይድረቅ።

ማስክን በተመለከተ። በጨርቅ ወይም በሕክምና ማስክ ቲነር መከላከል አይቻልም። አቧራ ይይዛል፣ ትነት ግን ያልፈዋል። ለትነት የሚሆነው የከሰል ማጣሪያ ያለው ነው። ማጣሪያውም ያልቃል፤ ሽታው ከተሰማችሁ ቀይሩት። ጓንትም እንዲሁ፣ ስስ የሆነው በቲነር ይሟሟል።

እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበትን ቀለም አትሽጡ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) ገድቧል። ከአምራቹ ማረጋገጫ ጠይቁ። የቆየ ግድግዳ እንዲያራግፍ የምትልኩት ሠራተኛ ካለም፣ ደረቁን ከመፋቅ አርጥቦ መፋቅ አቧራውን ይቀንሳል።

ከገጠር የመጣ ዘመድ ልጅ ሱቅ ውስጥ ማሠራት የተለመደ ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር በአዋጁ ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለውም አደገኛ ሥራ ላይ አይሰማራም። በእኔ አስተያየት ቲነር መቅዳትና ከቆጥ ባልዲ ማውረድ ለእነዚህ ልጆች አይሆንም። ባንኮኒው ጋ ይቁሙ፤ ማታ ትምህርት ቤት ይሂዱ።

ቅድም አሠሪው ያለ ጥፋቱም ኃላፊ ነው ስል ሳልናገር ያለፍኩት ነገር አለ። አዋጁ አሠሪውን ከኃላፊነት የሚያወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው። በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባትም እንደዚያ ይቆጠራሉ። "በግልጽ" የሚለውን ልብ በሉ። በአፍ ተነግሮ የተረሳ ነገር ግልጽ መመሪያ ነው ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉ። ማን ቆጥ ላይ ይወጣል፣ ባልዲ በስንት ሰው ይነሳል፣ ቲነር የት ይቀዳል። ሠራተኞቹ ሌላ ቋንቋ የሚቀላቸው ከሆነ በዚያ ይጻፍ። ይነበብላቸው፣ ይፈርሙ፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ይህን የምለው ካሳ ለማስቀረት ብላችሁ እንድትጽፉት አይደለም። ሰው የሚያውቀውን ሕግ ይጠብቃል፤ ልጁም በእግሩ ወደ ቤቱ ይገባል።

አደጋ የደረሰ ቀን

በመጀመሪያ ሰውየው። የመጀመሪያ እርዳታ ስጡትና በአቅራቢያው ወዳለ ሕክምና ውሰዱት። ዓይኑ ውስጥ ቲነር ወይም ቀለም ከገባ ሳትሟገቱ በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ወጪውን በዚያ ሰዓት እናንተ ክፈሉ፤ ከመድን ጋር ኋላ ትነጋገራላችሁ። ደረሰኙን አትጣሉ። ካርዱ ላይ ጉዳቱ የደረሰው "ሥራ ላይ" መሆኑ እንዲጻፍ ሐኪሙን ጠይቁ። ቦታውን በስልክ ፎቶ አንሱ። ያዩ ሰዎች ያዩትን በጽሑፍ ያስቀምጡ። መዝገባችሁ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን አስፍሩ፤ ለመንግሥት የሥራ ተቆጣጣሪውም ማሳወቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። ከዚያ ለመድን ድርጅቱ፣ በተከበበው ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ አሳውቁ። ቅጂው ላይ ተቀባዩ ይፈርምላችሁ።

እና አዲስ ሰው የቀጠራችሁ ዕለት፣ የሱቁን ቁልፍ ከመስጠታችሁ በፊት፣ ስሙን ለመድን ድርጅቱ ላኩ።